ከዓዲግራት አክሱም በብስክሌት፦ የነጋዴዎቹ መንገድ

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ትራፊኩን ታግላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ሄልሜት ይዛችሁ ስትገቡ አይቻለሁ። ብስክሌት ነክታችሁ የማታውቁም እንዳላችሁ እገምታለሁ። የማወራው ለሁላችሁም ነው።

ርዕሴ አንድ መንገድ ነው። ከዓዲግራት ይነሣል። በብዘት፣ በእንትጮ፣ በየሐ መገንጠያ አልፎ ዓድዋ ይወርዳል። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ አክሱም ይገባል። በአስፋልት ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እግሩ የጠና ብስክሌተኛ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ግን ቢያንስ ሦስት ቀን ስጡት እላለሁ። ለምን እንደሆነ ስንጨርስ ትስማማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ትምህርት ቤት ታሪክ ስንማር የሐ አንድ ምዕራፍ ነበር። አክሱም ሌላ ምዕራፍ። ዓድዋ ደግሞ ከብዙ ገጽ በኋላ የሚመጣ ሌላ ምዕራፍ። በመካከላቸው መቶዎችና ሺዎች ዓመታት ስላሉ እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስሉንም። በብስክሌት ስትሄዱ ግን ሦስቱንም በአንድ መንገድ ዳር ታገኟቸዋላችሁ። ከየሐ መገንጠያ ተነሥታችሁ፣ ዓድዋ ምሳ በልታችሁ፣ ከሰዓት አክሱም ትገባላችሁ። ይህ ቅርበት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ መንገዱ ከከተሞቹ ይቀድማል። የሐንም፣ አክሱምንም፣ ዓድዋንም ያቆማቸው ይኸው መንገድ ነው።

እስቲ መልክዓ ምድሩን አስቡት። በሰሜን መረብ አለ። በደቡብ ተከዜና ገባሮቹ አሉ። ሸለቆዎቹ ጥልቅ ናቸው፤ ይሞቃሉ፤ ወባም አለባቸው። በቅሎና አህያ ጭኖ የሚሄድ ነጋዴ ወደዚያ መውረድ አይፈልግም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ደጋ ይዞ ይሄዳል። ከቀይ ባሕር ዳር እስከ ደጋው ጫፍ ያለው አቀበት ከባድ ነው። አንዴ ከወጡ በኋላ ግን ብርዱም ልክ ነው፣ ውሃም አለ፣ እህልም አለ። ብስክሌት ላይ ስትሆኑ ይህን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዳገት መኖሩን የሚያውቀው በሞተሩ ድምፅ ነው። እናንተ ግን ማርሽ ስትቀይሩ ያ የጥንት ነጋዴ ለምን በዚህ በኩል እንደዞረ ይገባችኋል። ጉብታውን የዞረው እናንተም ልትዞሩት ስለምትፈልጉ ነው።

መንገዱ ምን ያህል ጥንታዊ ነው? በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አካባቢ አንድ ስሙ የማይታወቅ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ መመሪያ ጽፎ ነበር። ከአዱሊስ ወደብ ቆሎኤ ወደምትባል የደጋ ከተማ ሦስት ቀን ይፈጃል ይላል። ቆሎኤ የመጀመሪያዋ የዝሆን ጥርስ ገበያ ናት። ከዚያ አክሱም ደግሞ አምስት ቀን። ድምሩ ስምንት ቀን ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የባይዛንታይኑ ንጉሥ የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ኖኖሶስ በዚሁ በኩል ወደ አክሱም መጣ። እሱ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ይላል። ምናልባት ጓዙ ብዙ ነበር፤ መልእክተኛ እንደ ነጋዴ አይቸኩልም።

ኖኖሶስ ያየውን አንድ ነገር ግን ሁሌም አስታውሳለሁ። ከአዱሊስ አክሱም በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ፣ አዌ በምትባል ቦታ አጠገብ፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖች ሰፊ ሜዳ ላይ ሲግጡ አየ። የአገሩ ሰዎች ሊጠጓቸውም ሆነ ከግጦሹ ሊያባርሯቸው አልቻሉም ይላል። አዌ የዛሬዋ የሐ ናት የሚሉ ምሁራን አሉ። ቁጥሩን በግምት ያዙት። ግን ከእንትጮ ወደ ዓድዋ ስትነዱ ግራና ቀኝ ያለውን የተራቆተ ኮረብታ እዩ። ከዚያ ዝሆን አስቡበት። በአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ውስጥ መሬቱ ምን ያህል እንደተለወጠ ከዚህ የበለጠ የሚነግረኝ ነገር አላገኘሁም።

የጥንቱ መንገድ የመጀመሪያ ግማሽ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው። አዱሊስ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር ናት። ቆሓይቶና መጠራ የሚባሉት ጥንታዊ ከተሞችም በዚያው በኩል ናቸው። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ መጥቶ ነበር። ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ በዛሬዋ የመን የነበረውን የሂምያር መንግሥት ሊወጋ ሲዘጋጅ ነው የደረሰው። በከተማዋ ምዕራባዊ መግቢያ፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት የነጭ እብነ በረድ ዙፋን አየ። ጽሑፉንም ገለበጠው። ዙፋኑ ዛሬ የለም። ቃሉ ግን በኮስማስ ብራና ተረፈልን። በዚያ ጽሑፍ ላይ ስሙ ያልቀረ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያሸነፋቸውን ሕዝቦች ይዘረዝራል። ከግዛቱ እስከ ግብፅ ድረስ መንገድ እንዳቀናም ይናገራል። አስተውሉ። ንጉሡ ከድሉ እኩል የሚኮራው በመንገዱ ነው። ዙፋኑንም ያቆመው መንገዱ ከተማ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው።

ወደ እኛው ግማሽ ልመለስ። ዓዲግራት ላይ ከመነሣታችሁ በፊት ጥሕሎ ብሉ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በእጅ እየተድቦለቦለ፣ በቅመም በተሠራ ወጥ እየተጠቀሰ ይበላል። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ለሚመታ ሰው ከዚህ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ክረምት ከሆነ በየመንገዱ ዳር በለስ ይሸጣል። በነገራችን ላይ በለስ የጥንት የሚመስለን ተክል ነው። ግን ወደ አጋመ፣ ማለትም ወደዚህ ወደ ዓዲግራት አካባቢ፣ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአክሱም ነጋዴ በለስ አልበላም።

ብዘት አካባቢ ሲደርሱ ወደ ሰሜን የሚገነጠል ጥርጊያ መንገድ አለ። ወደ ደብረ ዳሞ ይወስዳል። አባታችን አቡነ አረጋዊ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። አምባው ላይ የሚወጣው በገመድ ነው፤ 15 ሜትር ገደማ። ሴቶች መውጣት አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከታች ሆኖ አምባውን ማየትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ በመሥራት በአክሱም ዘመን ስልት የተሠራ ነው።

ለዛሬ ርዕሳችን ግን ደብረ ዳሞ ሌላ ነገር አለው። በ1940 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች እዚያ ተገኙ። ሳንቲሞቹ የኩሻን ነገሥታት ናቸው። ኩሻን ማለት የዛሬውን ሰሜን ሕንድ፣ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን የገዛ መንግሥት ነው። ሳንቲሞቹ የተመቱት በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ ከገዳሙ በብዙ ይቀድማሉ። ማን አስቀመጣቸው? የትኛው ነጋዴ ነው ያን ሁሉ ወርቅ እዚህ አምባ ድረስ ያመጣው? አንድ ነገር እርግጠኛ ነኝ። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ በባሕር ተሻግሮ፣ አቀበቱን ወጥቶ ነው የመጣው። እናንተ ያቆማችሁበት መንገድ ዳር ያለ ገደል ላይ የአፍጋኒስታን ወርቅ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው። ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እስቲ ስለ ቅዱሳኑ አንድ ነገር ልበል፤ ከመንገዱ ጋር ይገናኛል። ተስዓቱ ቅዱሳን የምንላቸው ዘጠኝ መነኮሳት ናቸው። ከእነሱ አምስቱ በዚሁ መንገድ ዳር ናቸው። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ። አባ አፍጼ የሐ። አባ ገሪማ ዓድዋ አጠገብ። አባ ጰንጠሌዎንና አባ ሊቃኖስ አክሱም ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ። መነኩሴ ከሰው ይሸሻል እንላለን። እነዚህ ግን ብዙም አልራቁም። ከገበያው ከፍ ብለው፣ ግን መንገደኛ በሚያያቸው ቦታ ነው የተቀመጡት። እንግዳ ሆነው በዚህ በኩል መጡ፤ በዚሁ ዳርም ቀሩ። ይህን አሰላለፍ በካርታ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼው ልብ አላልኩትም ነበር። ከአንዱ ወደ አንዱ በብስክሌት ስትሄዱ ግን አይታለፍም።

እንትጮ ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ሰው ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። እባካችሁ ትንሽ ቆዩባት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ይህን አውራጃ ያስተዳድር ነበር። ስሙ ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ዕፅዋት ሊሰበስብ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጣ። እዚሁ አገባ፣ ወለደ። ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሰጡት። ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ውቤን ድል ሲያደርጉ የሱም ሹመት አበቃ። በ1878 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ አረፈ። ወደ አውሮፓ የላካቸው ደረቅ ዕፅዋት ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ። በሱ ስም የተሰየሙ ተክሎችም ብዙ ናቸው። እኔን የሚማርከኝ ግን ስለ ዓድዋና አካባቢዋ የጻፈው ነው። የቱ ዛፍ የት እንደሚበቅል፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ገበሬው ምን እንደሚዘራ መዝግቧል። ከንጉሥና ከጦርነት ውጭ ያለ የአገር ታሪክ እንዲህ ተጽፎ ማግኘት ብርቅ ነው።

ከእንትጮ ብዙም ሳይርቅ ሳውሪያ አለ። ለዓድዋ ጦርነት የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን ያሰፈረበት ቦታ ነው። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ጦሩ ከዚያ ተነሣ። ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። በሦስት ረድፍ ሄደ፤ የኤሌና ጦር ደጀን ሆኖ ከኋላ ተከተለ። አልቤርቶኔ በግራ፣ አሪሞንዲ በመካከል፣ ዳቦርሚዳ በቀኝ። ሐሳቡ ሲነጋ ኮረብታዎቹን ይዞ መጠበቅ ነበር። ቀን በብስክሌት ስትነዱት ይህ አገር ምን ያህል ውስብስብ እንደሆነ ታያላችሁ። ተራራው ከተራራ ይመሳሰላል። ኮረብታ ስታልፉ ሌላ ኮረብታ ይቀበላችኋል። እነሱ ይህን በሌሊት፣ በማያውቁት ጥርጊያ፣ ባልተጣራ የካርታ ንድፍ ሊያልፉት ሞከሩ።

የአልቤርቶኔ ጦርና የአሪሞንዲ ጦር መንገድ ላይ ተጋጩ። አንዱ ሌላው እስኪያልፍ ቆመ። አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ነበር የሚፈልገው። በካርታው ላይ በዚያ ስም የተጻፈው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን እየጠየቀ ወደ ፊት ሄደ። ከጓደኞቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ተነጥሎ፣ ብቻውን፣ የምኒልክ ጦር ፊት ለፊት ንጋት ላይ ተገኘ። የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ። አልቤርቶኔ ተማረከ። ባራቲየሪ ሸሸ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአካባቢው ሰው ድርሻ ሲነገር አልሰማም፤ ያ ቅር ይለኛል። አዎ፣ ባሻይ አውዓሎም ይነሣል። ለጣሊያን ሰላይ መስሎ ለራስ መንገሻና ለራስ አሉላ ወገን የሠራው ሰው። ግን ገበሬውስ? ወደ 100,000 የሚሆን የኢትዮጵያ ሠራዊት ዓድዋ ዙሪያ ሰፍሮ ነበር። በዚያ ላይ ሚስቶች፣ ልጆች፣ ስንቅ ተሸካሚዎች፣ በቅሎዎች። ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበላል? ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረሃብ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ ነበር። ስንቁ እያለቀ ስለሄደ ምኒልክ በቀናት ውስጥ ሰፈሩን ሊለቁ ተቃርበው ነበር። የጣሊያን ጦርም ስንቅ አጥሮት ነው የቸኮለው። ስለዚህ ዓድዋን ስናስብ የየሐንና የእንትጮን ጎተራ እናስብ። ድሉ የሁላችን ነው። ዕዳውን መጀመሪያ የከፈለው ግን የመንገዱ ዳር ሰው ነው።

አሁን የሐ። ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ትገባላችሁ። ሰፈሩ በተራሮች የተከበበ ሜዳ ነው። ቤተ መቅደሱ ከሩቅ ይታያል። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ለአልመቃህ ለተባለ የሳባውያን አምላክ ነበር የተሠራው። ግድግዳው ዛሬም ወደ 14 ሜትር ቆሟል። ድንጋዩ ተጠርቦ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ ተገጣጥሟል። እጃችሁን ብታሳልፉበት በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን መስመር ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ለነገሩ አትንኩት። ሁላችንም ከነካነው አይቆይም።

እንዴት እስካሁን ቆመ? መልሱ አጥሩ ውስጥ ነው። የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ጊቢ ውስጥ ነች። ቤተ መቅደሱ በክርስትና ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ ማንም ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ አልወሰደም። ጥንት ሕንፃውን ያስጌጡ የነበሩ የዋልያ ቅርጾችም በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሰክተው ተርፈዋል። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ግንብ አይቶ ተደንቆ ጽፏል። ዛሬ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ከኢትዮጵያውያን ጋር ይሠራበታል። እዚያው ሰፈር ውስጥ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል ሌላ ታላቅ ሕንፃ አለ። ፊቱ ላይ ስድስት ግዙፍ አምዶች ነበሩት። ከቤተ መቅደሱም የሚቀድም ሳይሆን አይቀርም።

ከየሐ ስድስት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ቤተ ሰማዕቲ አለ። ይህ ቦታ ለዓለም የተነገረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ሃሮወር የሚመራ ቡድን አካባቢውን ሲያጠና፣ ኮረብታው ጥንታዊ እንደሆነ የጠቆሙት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሲቆፈር ከተማ ሆኖ ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ድረስ ሰው ኖሮበታል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለው። የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀይ ዕንቁ ያለው የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል። መስቀልና የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ማተብም ወጥቷል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ካለችው ከአቃባ በኩል የመጡ የጋን ስባሪዎችም አሉ።

ይህ ግኝት ለእኔ ብዙ ነገር ለወጠ። የየሐ ኃይል ከቀነሰ በኋላ አካባቢው ባዶ ሆነ፣ ሁሉም ነገር ወደ አክሱም ሄደ የሚል ግምት ነበር። ቤተ ሰማዕቲ ግን ሳትቋረጥ ኖረች። ለምን? በአክሱምና በቀይ ባሕር መካከል፣ በመንገዱ ላይ ስለሆነች ነው። መንግሥት ሲቀየርም፣ ሃይማኖት ሲቀየርም ነጋዴው አልቆመም። ነጋዴ ካለ የሚያሳድረው ቤት፣ የሚሸጥለት እህል፣ የሚሳለምበት ደብር ይኖራል።

ዓድዋ ራሷም የንግድ ልጅ ናት። እኛ የምናውቃት በጦርነቱ ነው። ከጦርነቱ በፊት ግን ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ራስ ሚካኤል ስሑል መቀመጫቸው አደረጓት። በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያለፈባት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አንድ ደስ የሚል ነገር ጽፏል። ዓድዋ የሚሸመነው ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በአጋመ በኩል ይመጣል። ጨርቁ ከዓድዋ ሸማኔ እጅ ይወጣል። ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። በዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚበላውንና የሚለብሰውን ነገር እየከፈለ ይገበያይ ነበር ማለት ነው።

ከዓድዋ አጠገብ ፍሬሞና ነበረች፤ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ሚሲዮን መቀመጫ። ጳጳሱ አንድሬ ዴ ኦቪየዶ በ1577 እ.ኤ.አ. እዚያ ሞተ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የደረሰው እዚያ ነው። አፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ሲያባርሩ ቦታው ተተወ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

አባ ገሪማ ገዳም ላይ ግን እቆያለሁ። ገዳሙ በዓድዋ ተራሮች እቅፍ ውስጥ ነው፤ ጦርነቱም በአቅራቢያው ተካሂዷል። እዚያ የሚገኙት የገሪማ ወንጌሎች በሥዕል ካጌጡ የዓለም ወንጌሎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ብራናው በራዲዮካርቦን ሲመረመር ዕድሜው ከአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኘ። ቀደም ሲል የውጭ ሊቃውንት አሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው ይሉ ነበር። የገዳሙ አባቶች ግን አባ ገሪማ በአንድ ቀን ጻፉት፣ ፀሐይም እስኪጨርሱ ቆመችላቸው ብለው ሲያስተምሩ ኖሩ። የፀሐይዋ ነገር የእምነት ነው። ስለ ዘመኑ ግን አባቶች ከሊቃውንቱ ይበልጥ ቀርበው ነበር። የሰፈር ትረካ ስትሰሙ ቶሎ አትጣሉት የምለው ለዚህ ነው።

ከዓድዋ አክሱም ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ትጨምራላችሁ። ወደ መጨረሻው የሐጸቦ ሜዳ ይዘረጋል። ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ ያበቅላል። የአክሱምን መንግሥት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ አላቆመውም። እንዲህ ያለ መሬትም አቁሞታል።

አክሱም ስትገቡ ሁላችሁም ወደ ሐውልቶቹ እንደምትሮጡ አውቃለሁ። ሩጡ፤ ይገባችኋል። በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም የተወሰደው 24 ሜትሩ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ቆሟል። በማግሥቱ ግን ወደ ካሌብ መቃብር የሚወስደውን የሰሜን ምሥራቅ ዳገት ውጡ። መንገዱ ዳር በአንድ ትንሽ ቤት ውስጥ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበሬዎች ናቸው ያገኙት። ከቦታው አልተነሣም፤ የሚያነሣውን ሰው የሚረግም ቃልም ተጽፎበታል። በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ተጽፏል።

የሚናገረው ከአክሱም በስተሰሜን ይኖር በነበረው በቤጃ ሕዝብ ላይ ስለተደረገ ዘመቻ ነው። ቤጃዎች ሲያምፁ ኢዛና ወንድሞቹን ላከ። 4,400 ሰዎች ከከብቶቻቸው ጋር ተነቅለው ወደ እሱ መጡ። ጉዞው አራት ወር ፈጀ። በየቀኑ ምን እንጀራ፣ ምን መጠጥ እንደተሰጣቸው ድንጋዩ ላይ ተቆጥሯል። እኔ ይህን ሳነብ ንጉሡን ሳይሆን ተጓዦቹን ነው የማየው። ሕፃን አዝላ አራት ወር የተጓዘችውን ሴት። መንገድ ወርቅ ብቻ አያመላልስም። የተሸነፈም ሰው ይሄድበታል።

እዚህ ላይ ስለ ቅርቡ ዘመን ዝም ማለት አልችልም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ይህ መንገድ ጦር ተመላልሶበታል። የነገርኳችሁ ከተሞች ሁሉ ሰው ቀብረዋል። ገዳማትም ተጎድተዋል። ስትሄዱ የሚያስተናግዳችሁ ሰው ምን እንዳሳለፈ አስቡ። ራሱ ካላነሣው አትጠይቁት። ካነሣው ደግሞ ሰዓታችሁን ሳታዩ አዳምጡት።

ብስክሌት እዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1956 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞችም ይዛ ነው የሄደችው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው። ዳገት ላይ ስትንገዳገዱ አንድ ታዳጊ በአሮጌ ብስክሌት ጥሏችሁ ቢያልፍ አትገረሙ።

ስለ ዝግጅት አስቀድማችሁ ለጠየቃችሁኝ እነሆ። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም ይቆማል። ከመነሣታችሁ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ አካባቢው ካለ ሰው ጠይቁ። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ ጥሩ ፍሬን ያዙ። ወደ ዓድዋ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ይጠይቃል። ዝርዝር ብር ያዙ። ገዳም ስትገቡ ነጠላ ወይም ረጅም ሱሪ ያስፈልጋል፤ በብስክሌት ቁምጣ አይገባም።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። አክሱም ዙሪያ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከእርሻው ውስጥ ጥንታዊ ሳንቲሞች ይወጣሉ። ልጆች ያነሡና መንገደኛ ያስቆማሉ። አትግዙ። ርካሽ ነው፤ ልጁም ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ግን ሳንቲሙ ከወጣበት ማሳ ከተለየ የሚናገረው ነገር ግማሹ ይጠፋል። የት እንዳገኘው ጠይቁት። ከቻላችሁ አብራችሁት ወደ አክሱም ሙዚየም ሂዱ። ለልጁ ደግሞ ምሳ ጋብዙት፤ ወይም ብስክሌታችሁን አንድ ዙር ይንዳ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ።